አፈር ማልበስ

ከትሬቪ ኮረብታ ሥር፣ ከወንዙ ዳር፣
ኤርሲልያ አጎንብሳ ከሴለሪዋ ጋር
እስከ አንገቱ አፈር ታለብሰዋለች፤
«ፀሐይ ካየህ ትመራለህ» ትለዋለች።

ናዛሬኖ ነበር ዶማውን የሚይዘው።
አምና በጥቅምት፣ ዝናቡ ባላባራበት ቀን፣
እሱንም አለበሰችው።

ዛሬ አንዱን ነቀለች፤ ጭቃውን አጠበች፤
በጥቁር አፈር የከረመ አገዳ ነጥቶ አገኘች።
ዘይት። ጨው ቆንጠር።
ኮርሸም!
ባዶው ቤት በረገገ።

እሱም እንዲሁ ነበር፤
ሲበላ ጎረቤት ይሰማ ነበር፤
«ቀስ በል፣ ሰው ምን ይላል!» ስትለው
ሆን ብሎ ነበር የሚደግመው።

አንዲት ክር ከጥርሷ መሀል ቀረች።
ስንጥር አነሣች፤
አሰበችና መልሳ አስቀመጠች።
እስከ ማታ በምላሷ ነካ እያደረገች
«ቀስ በል» ትላለች።