አፈሙዙን አታውርጂ

ነፋስ ነው አዳማ፣ ነፋስ ነው ጠዋቱ፣
በቆርቆሮ ጩኸት ይነጋል በቤቱ።
አጎቴ ደቻሳ፣ በያጅ ነው ሙያው፣
ብረት ነው ዘመዱ፣ ብረት ነው ገበያው፤
ደግሞም ተብታባ ነው፤ ቃል ከአፉ ለማውጣት
የዛገ ቡሎን ነው የሚፈታ በጣት።

በዓመት አንዲት እሁድ፣ ማመልከቻ ጽፎ፣
ሁለት ቢሮ ቆሞ፣ ማህተም አሳርፎ፣
ያቺን ባለ ቡላድ፣ ያያቱን ጠመንጃ፣
በኪሱ አጣጥፎ የፖሊስ ማስረጃ፣
በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ባጃጅ ላይ ይጭናል፤
ሹፌሩ በስፖኪዮ ሰርቆ ሰርቆ ያየናል።
ነጫጭ ክንፋቸውን ማማዎች ሲያዞሩ
እኛ እንወርዳለን ከጋራው ከሥሩ።

የመጀመሪያው ዓመት ባልጩት ለቅሜ ሰጠሁ፣
ጥቁር እንደ ጠርሙስ፤ ገና ስነካው ደማሁ።
እያየ ፈገገ። «ይ... ይቆ... ይቆርጣል፣
እ... እሳት ግን ከሱ... ከየት ይመጣል?»
ከኪሱ አወጣ አንድ ግራጫ ድንጋይ፣
ደደብ የመሰለ፣ ስለቱ የማይታይ፣
በቆዳ ጠቅልሎ በብረት መንጋጋ አስነከሰው።
ባሩዱን በቀንድ ለካ። እርሳሱን ጨርቅ አለበሰው።
በዘንግ ገፍቶ ገፍቶ ካደረሰው ታች፣
ለጆሮዋ ደግሞ አንዲት ቁንጥር ቀረች።
ነፋስ ላሰው።
ደግሞ ሞላ፤ ነፋስ ላሰው።
በሦስተኛው ጀርባዬን ግድግዳ አድርጌ ከለልኩት፣
ቢጫውን ጀሪካን አልሜ ያዝኩት።

ቃታውን ሳብኩ።
ጣ! አለ ድንጋዩ። ብልጭታ። ጭስ። ዝምታ።
«ከሸፈ» አልኩ፤ ክንዴ ሊወርድ ሲያመነታ
እጁ ክርኔን ያዘው፣ እንደ ጉጠት ጠብቆ፣
አፉ ቃል ፍለጋ፣ አንገቱ ተጨንቆ፣
«አ... አፈ... አፈሙ...
አፈሙዙን አ... አታ...»

ጓ!

የቃሉን ጭራ ነፍጧ ጨረሰችው፣
ትከሻዬን መትታ፣ ጋራውን አስጮኸችው።
ነጭ ጭስ ዋጠን፤ ድኝ ድኝ ሸተትን።
ጀሪካኑ? አልተነካም። እስኪያስለን ሳቅን።
«እ... እሳቱ ገብቷል» አለኝ ቆይቶ፣
«መ... መንገድ ላይ ነው እንጂ... አልቀረም ጠፍቶ።»

ከተማ ውስጥ ግን ሰው ለቃሉ ቸኩሎ፣
ይነጥቀዋል ካፉ «ይሄ ነው አይደል?» ብሎ።
ነስሮ ብረታ ብረት ገባና ባለፈው፣
«ሚ... ሚስ...» ሲል ገና «ሚስማር!» ብሎ አሳረፈው፣
ግማሽ ኪሎ መዝኖ፣ በጋዜጣ ቋጥሮ።
ከፈለ። ወጣ። ምንም ሳይናገር፣ አቀርቅሮ።
«ሚስትህ ተሻላት ወይ?» ነበር ጥያቄው።
ሚስማሩ እስከ ዛሬ መደርደሪያው ላይ ነው።

ትናንት ማታ መብራት ጠፍቶ ደጅ ተቀምጠን፣
ነፋሱ አቧራ እየበተነብን፣
«ነ...» አለ። ቆመ። «ነ...»

ነፋስ ይሆናል። ነፍጥ ይሆናል። ነገ።
ሦስቱም ምላሴ ጫፍ ላይ ተሰልፈዋል።
ዓይኔን ሳልጨፍን፣ ክንዴን ሳላወርድ
አፉን አፉን አያለሁ።
እሳቱ ገብቷል።
እጠብቃለሁ።