የምንጣፉ ጀርባ

ከአቃቂ ድልድይ፣ ከሐዲዱ ማዶ
አንድ ቤት ይታያል ግማሹ ተንዶ።
አቶ ደግአረገ፣ የግቢው አንጣፊ፣
ንጉሥ ሲመጣ ዘርጊ፣ ንጉሥ ሲሄድ አጣፊ፣
እዚያ ነው ያሉት። ዓይን ቢፈዝ እንኳ ጣታቸው አልረሳ፣
ሱፍን ከሐር ይለያል በጨለማ ዳሰሳ።

የራዲዮናቸውን ድንጋይ ቆርቆሮው ላይ ለፀሐይ እያሰጡ፣
«ያኔ» አሉኝ፣ «የፋርሱ ንጉሥና ጓዙ ሲመጡ
ስጦታ ነበራቸው፤ ወፍና ሮማን ያለበት ሥጋጃ፣
ርዝመቱ በእኔ እግር ሃያ ሁለት እርምጃ።
ሁሉም ፊቱን አይቶ ‹አቤት ወፉ!› አለ፤
እኔ ጠርዙን ገለጥኩ፤ ጀርባው ላይ ግን ቋጠሮ አለ።
ቋጠሮ በቋጠሮ፣ እንደ ጉንዳን ሠልፍ፤
ስንት የልጅ ጣት ይሆን የደማው ለዚያ ወፍ?

አባቱ ወታደር ነበር፤ ከሠፈሩ ተነሥቶ
ዘውዱን ጫነ አሉ፣ ባለቤቱን ገፍቶ።
እሱንም ባዕዳን ባሕር ሲያሻግሩት
ልጁን ዙፋኑ ላይ እነሱው አኖሩት።
አንዴ ሸሽቶ ነበር፤ መለሱት በጓሮ፤
በጓሮ የገባ ሰው ሁልጊዜ በር ያያል አንገቱን አዙሮ።
ግድግዳው በሙሉ ጆሮ ሆኖ አደረለት፤
ሕዝቡ በሹክሹክታ ከፈን ሰፋለት።
ነዳጁ ወርቅ ሆኖ ካዝናው ሲሞላ
ድንኳን ተክሎ በረሃ፣ ነገሥታት አበላ።
ከእኛም የሄዱ ነበሩ፤ ሲመለሱ ያወሩልኝ
ስለ ምግቡ ብቻ ነው። ስለ ሰዉ ማንም አልነገረኝ።»

ዝም አሉ። ሐዲዱ ላይ ሣር በቅሏል፤
ባቡር የሚጠብቅ የለም፤ ፍየል ብቻ ይነጫል።

«የእኛው ዙፋን ቀደመ። ምንጣፉ ቀበሌ ተነጠፈ፣
የስንቱ ጭቃ ጫማ በወፉ ላይ አለፈ።
ኋላ በሩ ጠበበው፤ በመጋዝ ተከፈለ፤
ግማሹን በአሥር ብር ገዛሁ፤ ግማሹ የት እንዳለ
እኔ አላውቅም።

ከዚያ አንድ የጥር ማለዳ ራዲዮኑ ሲናገር፣
‹ንጉሡ ሄደ› አለ፤ ‹ለዕረፍት›፤ ቆሜ ነበር፣
ተቀመጥኩ። ለዕረፍት! ንጉሥ ዕረፍት የት ያውቃል?
ዙፋን የለቀቀ እግር ምን ምንጣፍ ይበቃዋል?
አንዱ አገር ለወር ያዘው፣ አንዱ ለሕክምና፣
አንዱ ደግሞ ጭራሽ በሩን ዘጋ፣ ግብሩን በልቶ ነበርና።
ሞተ በሰው አገር፣ በዓባይ ዳር፣ በሽታው ጨርሶት።
ውኃውን አስበው ልጄ። ሬሳውን ያጠቡት
ከእኛ ጋራ በወረደ ውኃ ነው፤ እኛ ሳንጠራ፣
ሳናውቅ፣ እጃችን አለበት ከገናዦቹ ጋራ።»

አላዘኑለትም። አልተሳለቁበትም።
ምን እንደ ሆኑ እኔም አልገባኝም።

ባለፈው ሰኞ አንድ ነጋዴ መጣ ከመርካቶ፣ ስልኩን ደግኖ፣
ወፉን ፎቶ አነሣ፤ ዋጋ ጠራ በገንዘቡ ተማምኖ።
ሽማግሌው ጠርዙን ይዘው ገለበጡለት።
«ይህን አንሣ» አሉት።
«ይህ ምን አለው?» አላቸው። አልመለሱለት።

ማታ ማታ ይተኙበታል፣ ወፉን ወደ መሬት ደፍተው፣
ቋጠሮውን ወደ ላይ፣ ከጎናቸው አስጠግተው።
«አይቆረቁርም?» አልኳቸው።
«ይቆረቁራል» አሉ።
ከዚያ ወደ ጣሪያው ቀና ብለው፣
«ድንጋዩ ሞቆ እንደሆነ አውርድልኝ እስቲ፤
የሰባት ሰዓት ዜና ሊጀምር ነው።
ዛሬ ደግሞ የማን አገር ሰው ይሆን የሄደ፣ ለዕረፍት።»