ጳጉሜ ትቆጠራለች

አዌቱ ዳር ነው ግቢዬ፣ ብሎኬት ነው ሥራዬ፣
በዱቤ ሲሚንቶ የተለሰነ ዕድሜዬ።
ጥርስ የሚያንገጫግጭ አንድ አሮጌ ማሽን፣
ውሃ የሚያጠጡ ኢብሳንና ሽኩርን፣
ይዤ ነው የገባሁት ኮቺ ላይ ለሚቆም
ባለ አራት ፎቅ ማደሪያ፤
አሥራ አራት ሺህ ስድስት መቶ፣ አንድ አልጎደለም።
ቆጥሬ አስረከብኩ፣ ቆጥሮ ተረከበ
የመጋዘኑ ሰው። ቁጥር ላይ አልሰንፍም።

ከላይ ባለቤቱ፣ ከሥሩ ተቋራጭ፣ ንኡሱ ቀጥሎ፣
ከሁሉ በታች እኔ፣ ገንዘብ እንደ ጣራ ውሃ ይወርዳል ተብሎ
ባልዲ ይዤ የቆምኩ።
የጅማ ሰማይ ግን ብቻውን ነው የሚያፈሰው፤
የተቋራጭ ጣራ የወረደለትን ራሱ ነው የሚልሰው።

ሞኝ አይደለሁም። "ዋስ አምጣ" ብዬዋለሁ፣
የኢንሹራንስ ደብዳቤ በሁለት እጄ ተቀብያለሁ፦
"ለወይዘሮ ረውዳ አባ ዱራ፤
ልዑልሰገድ ባይከፍል እኛ እንከፍላለን፣
ከመጨረሻው ጭነት አንስቶ በዘጠና ቀን
ውስጥ በጽሑፍ ከጠየቁን።"

ዘጠና ቀን ስንት ነው? ሦስት ወር። ማን ያጣዋል?
የመጨረሻው ጭነት ሰኔ ሠላሳ ወጥቷል።
ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ መስከረም፤ ጣቴን አጠፍኩና
በከሰል ግድግዳው ላይ ጻፍኩ፦ "መስከረም ሠላሳ"። ደህና።

ልዑልሰገድ ደግሞ ቃሉ ቅቤ ነው፤
"እኅቴ፣ ክፍያው ፊርማ ላይ ነው፣"
"እኅቴ፣ ፈራሚው ስብሰባ ላይ ነው፣"
"እኅቴ፣ ዝናቡ ሲያባራ ነው።"
ሐምሌ ላይ፣ ጅማ ላይ፣ ዝናብ ሲያባራ!

በይሉኝታ ቆየሁ። በሰው ፊት ወረቀት መዘርጋት
ስድብ ይመስለኝ ነበር፤
ቀን ይሉኝታ የለው፣ በሩን አንኳኩቶ አያልፍ፣
ዝም ብሎ ነው የሚበር።

መስከረም ሃያ ስድስት፣ አራት ቀን ሲቀረኝ፣
ደረሰኞቼን በፌስታል ጠቅልዬ፣ ዝናብ እየነካኝ፣
ከሂርማታ በባጃጅ ሄጄ ደረጃውን ወጣሁ።
ያዴሳ ይባላል፣ ጠረጴዛው ኋላ ያለው ልጅ።
ደብዳቤዬን አነበበ፣ ካላንደሩን ከግድግዳ አወረደ፣
በእስክርቢቶው ጫፍ ቀን በቀን ወረደ፤
ሐምሌ ሠላሳ፣
ነሐሴ ሠላሳ፣
እዚያ ጋ ቆመ።
"እናቴ" አለ፣ "ይህችንስ ምን አደረጓት?"
ጳጉሜን ነው። ስድስት ቀን። አንዱን ሉቃስ የጨመራት።

ደሞዝ አይከፈልባት፣ ኪራይ አይጠየቅባት፣
እኔም እንደ ሁሉ ሰው ከወር አልቆጠርኳት፤
ለካ ለማንም ሳትሠራ ለዋስ ትሠራለች፣
ከዘጠናው ቀኔ ስድስቱን በልታለች።
የመጨረሻው ቀን መስከረም ሃያ አራት ነበር።
እኔ ያን ዕለት ምን ሳደርግ ዋልኩ?
ማሽኑን ግራሶ እቀባ ነበር።

ልጁ ክፉ አይደለም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣
"ነጻ የወጣው ዋሱ ነው፣ ዕዳው አልተሰረዘም፤
ሰውዬውን ይክሰሱ፣ ይርጋው ገና ነው" አለኝ።
የትኛውን ሰውዬ? ስልኩ አይሠራም።
ማመልከቻዬን ተቀብሎ፣ ቀለም ነክሮ፣ ማህተም
መታበት፦ "ዘግይቶ የደረሰ"።
ሰማያዊ ክብ ነው። ውስጡ ስሜ የለም።

ግድግዳዬ ላይ ያለውን ከሰል ሰርዤዋለሁ፤
ዱቤ ሊሰጥ የሚጣደፍ አሸዋ ሻጭ ሲመጣ
ከሥሩ የጻፍኩትን አስነብበዋለሁ።
አንዳንዱ ይስቃል። አንዳንዱ ጣቱን ማጠፍ ይጀምራል።

በዓመቱ በኮቺ አለፍኩ። ሕንፃው ነጭ ቀለም ለብሷል፣
በየመስኮቱ የተማሪ ፎጣ ተሰቅሏል።
ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ ከደረጃው በስተግራ፣
አንድ ብሎኬት አውቃለሁ፤
ሳይደርቅ የሽኩር እናት ዶሮ ረግጣው አልፋ
ጣቶቿ ታትመውበታል።
ያኔ "ጣሉት" አላልኩም፤ ሳቅንና ጫንነው።
አሁን ከልስኑ ሥር ነው፤
ማንም አያየውም፣ ማንም አይፍቀው።
እሷ ማህተሟን በጊዜው ነው ያሳረፈችው፣
ሲሚንቶው እርጥብ ሳለ።