የወል ስም

ከዚራ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት።
ቆርቆሮው ቀን የጠጣውን ፀሐይ ቁልቁል ይተፋል፤
ማራገቢያው ያለከልካል፣
የሂቦ ላፕቶፕ ጭኗ ላይ ይፋጃል፤
ከፊቷ አንድ ፋይል ተቀምጧል፣ ስም ያልወጣለት፣
ሦስት ሳምንት የፈተለችው፣ ሦስት ሌሊት ያልተኛችለት።

የሁለት ወንድማማች ኮዴክ ነገር ነው፦
ታላቁ ሁለት ስልሳ አራት፣ ታናሹ ሁለት ስልሳ አምስት፤
ሠርግ ይሁን ስብከት፣ ኳስ ይሁን ተረብ፣
አጣጥፈው፣ ቋጥረው፣ ከስልክ ወደ ስልክ የሚያደርሱት።
ጠባያቸው ለየቅል ነው።
ታላቁ ምስሉን በእኩል ጡብ ይሸነሽናል፣
ታናሹ ሰማዩን በሙዳ፣ ቅንድቡን በፍርፋሪ ይቆርሳል።
በር ሲመቱ ግን አንድ ናቸው፤
ዜሮ፣ ዜሮ፣ አንድ።
ዜሮ፣ ዜሮ፣ አንድ።
"ደረስኩ፣ ከዚህ ቁረጥ" ማለት ነው በነሱ ቋንቋ።
ከጓዙ መሐል ይኸው ምት በስሕተት እንዳይሰማ
ሦስት ቁጥርን ዘብ ያቆማሉ፤
ጓዙ ሲገባ ዘቡ ይሰናበታል።

ይህን የሚሰማ ጆሮ፣ ዘቡን የሚያሰናብት እጅ
ሁለት ቤት ተጽፎ ኖሯል፣ ቃል በቃል፤
እዚህ የታረመ ግድፈት እዚያ ማዶ ይከርማል።
ሂቦ አንድ አደረገችው።
ማዋሐዱስ ተዋሐደ፤
ስሙ ነው የከበደ።

"በታላቁ ይጠራ" ይላል ረምዚ ከሐረር፣
"ኮዱ መጀመሪያ የተጻፈው ለርሱ አልነበር?"
"ሁለቱን ቁጥር አጋጥሚው" ትላለች ሶስና ከሳቢያን፣
"ሁለት ስልሳ አራት አምስት።"
"አቦ! ይሄ ስም ነው ወይስ የቤት ቁጥር?"
"እንግዲያ 'የጋራ' በይው።"
'የጋራ' የሚባል አቃፊ አላቸው ቀድሞም፣
እንደ ታይዋን መጋዘን፣ ማን ምን እንደጣለበት የሚያውቅ የለም።

ተነሥታ መስኮት ከፈተች።
ደቻቱ ከታች ተጋድሟል፣ አሸዋ ብቻ፣ በጨረቃ የነጣ።
ስድስተኛ ክፍል ትዝ አላት፣ መምህርት የሺመቤት ከነጠመኔያቸው፦
"ደቻቱ የተጸውዖ ስም። ወንዝ የወል ስም።"
"ውሃ የለውም እኮ፣ ቲቸር። እንዴት ወንዝ ይባላል?"
ክፍሉ ሳቀ። መምህርቷ አልሳቁም።
"ሲመጣ ታዪዋለሽ።"

ሲመጣ።
መጥቷልም እኮ ሦስተኛው፣ ሁለት ስልሳ ስድስት፤
አራስ ነው ገና፣ ስልኮቹ አያውቁትም፣
ግን በር ሲመታ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ አንድ።
የሁለት ቁጥር ስም ለሦስት ወንድም አይበቃም።

በእርሱ የታጠፈ ቪዲዮ ለሙከራ ከፈተች፣
የእህቷ ልጅ የቀረጸው፣ አርባ ሰከንድ፦
የደቻቱ አሸዋ፣ ሁለት ድንጋይ፣ አንድ ጎል፣
ሰባት ልጆች፤ ሦስት ለሦስት፣ የተረፈው አንዱ ይጠብቃል።
ለሁለቱም ቡድን ይጠብቃል።
እነዚህ ሲመቱ ይወድቃል፣ እነዚያ ሲመቱ ይወድቃል፣
ጉልበቱ በአሸዋ ተልጧል።
ስሙ ጉሌድ ነው፤ ማንም በስሙ አይጠራውም፤
"በረኛ! በረኛ!"

እጇ ከሐሳቧ ቀድሞ ጻፈው።
በላቲን ፊደል፣ በትንሹ፣ ያለ አንዳች ቁጥር።

ሊነጋጋ ሲል ረምዚ መለሰ፦
"በረኛ? ምንድነው፣ የኳስ ነው?"
"የኳስም ነው።"
ዝምታ። የመጀመሪያው ባጃጅ በድልድዩ አለፈ።
"አቦ፣ ይሁን። ለጊዜው።"