ሐረጎ፣ በታኮ ያዥ አፍ

በርበሬ ወንዝ ሰፈር፣ ከሻይ ቤቱ ጓዳ፣
መኪና ይሽቀዳደማል በቴሌቪዥኑ ሜዳ፤
እንደ ጢንዚዛ ጮኾ፣ እንደ እባብ ተስቦ፣
ከተነሳበት ይደርሳል ስልሳ ጊዜ ከቦ።

«ምን ጫነ?» ብላቸው ሳቁብኝ በሙሉ፤
«ባዶውን ነው አባባ፣ ዝም ብለው ያስተውሉ፤
ይሄ ጥምዝ ስም አለው፣ ያም ቀጥታው ስም አለው፣
ዓለም በሙሉ በቃሉ የሚያውቀው።»

እኔም ስም አውቃለሁ።
ከኪሴ የጭነት ደረሰኝ አወጣሁ፣ ጀርባው ላይ ሣልሁ፤
የሚያንጠባጥብ እስክሪብቶ ይዤ ከደሴ ጀመርሁ።

መነሻው ቧንቧ ውሃ፤ ባንዲራ የለም፣ ተኳሽ የለም፣
የጦሳ ጉም ሲገለጥ ነው፤ ካልተገለጠ አንነሳም።
መንገዱን ጣሊያን ቀየሰው፤ ድንጋዩን ግን የፈለጡት
የእኛ ሰዎች ናቸው፣ ስማቸውን ያልጻፉት።
አያቴም አንዱ ነበር፤ በሊሬ ተቀጥሮ
ገደሉን ሲቦረቡር፣ በገመድ ታስሮ፤
«መንገድ አይደለም» ይል ነበር፣ «እባብ ነው የፈታነው፣
ጭራው ቦርከና ገብቶ ጭንቅላቱ ደሴ የቀረው።»

የመጀመሪያው ጥምዝ «ቢስሚላህ» ይባላል፤
ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እዚያ ላይ ይለዋል።
ሁለተኛው «ኪዳኔ»፤ ኪዳኔ ጨው ጭኖ ሲወጣ የቀረበት፣
እስከ ዛሬ ፍየሎች አፈሩን የሚልሱበት።
ከዚያ ቀጥታ ይመጣል፤ አጭር ነው፣ ያታልላል፤
አራተኛ ማርሽ ያስገባ ቀጣዩ ላይ ያለቅሳል።
ቀጣዩ «ክርን» ነው፤ እንደ ክርን የሚታጠፍ፣
የተሳቢው ጅራት የመኪናውን አፍንጫ ሊገርፍ።
ተመልካቹ ዝንጀሮ ነው፤ ቋጥኝ ላይ ሰብስቦ ልጁን፣
ተሳቢ ሲንሸራተት እንኳ የማያቋርጥ ማከኩን።
አራተኛው ላይ ቁልቁል ይታያል ሜዳው፣
የጨርቃ ጨርቁ ጭስ፣ ቦርከና፣ የአውሮፕላን ማረፊያው፤
ስሙ «ደረስሁ» ነው። ያን ያለ ነው የማይደርሰው።

ሩጫው ለዋንጫ አልነበረም፤ ለተራ ነው፤
ቀድሞ ሚዛን የረገጠ፣ አሰብ ላይ ቀድሞ የሚጭነው።
ሰዓት ያዟ ዘምዘም ነች፤ ከሚዛኑ ማዶ ላምባ ትሸጥ ነበር፣
የሟች ባሏን የኪስ ሰዓት መቀነቷ ላይ አስራ ደቂቃ ስትቆጥር።

በሰባ ዘጠኝ፣ ነሐሴ፣ ኑርዬ ቀደመን፤
የእኔ ሹፌር ጓንጉል ነው፤ በኤንትሬ ተከተልን፣
ዝናብ ያራሰው፣ የከበደ፣ የሚሸት ቆዳ ጭነን።
ክርን ላይ ጓንጉል ፍሬን ረገጠ።
እግሩ እስከ ወለሉ ሰመጠ።
አየኝ። አየሁት። ታኮዬን አቀፍሁ፤ ግን የትም አያደርስም፤
ታኮ የቆመን ይይዛል እንጂ የሚሮጥ አይመልስም።

ጥሩምባውን ያዘው፣ ረጅም፣ ሳያቋርጥ፤
ኑርዬ በመስታወት አየን። ሌላ ሰው ቢሆን ያመልጥ።
እሱ ግን ቀዘቀዘ። ማርሽ ቀነሰ። ጀርባውን ሰጠን፤
ብረት ብረትን ነካ፤ እንደ ደከመ በሬ ተደገፍን።
«ደረስሁ»ን ማናችንም ደረስሁ ሳንል አለፍን፤
የእሱ ጎማ እየጨሰ፣ የእኛን ክብደት ተሸክሞ፣
ድልድዩ ጋ ስንቆም ወርጄ ታኮዬን አስገባሁ፣ እጄ ልምሾ እስኪመስል ደክሞ።

ዘምዘም ሰዓቷን አየች። «ማን ቀደመ?» አሏት ሰዎቹ።
«አንድ መኪና ነው የገባው፤ በዙ እንጂ ጎማዎቹ።»
ኑርዬ ግን «ምን አንድ ትላለች! ቀድሜያለሁ!» ብሎ ተራውን ወሰደ፤
ጓንጉል ሦስት ቀን መኪናው ሥር ተኝቶ ፍሬኑን ፈታ፣ ገጠመ፣ ከዚያ ሄደ።

ከልጆቹ አንዱ ወረቀቴን ወዲያና ወዲህ አገላብጦ፣
በጣቱ መስመሩን ሲከተል፣ ቦርከና ላይ ጣቱ አቋርጦ፣
«አባባ፣ ይሄ ዙር አይዘጋም፤ መመለሻው የታለ?»
«ከአሰብ ነበር» አልሁት።
ዝም አለ።
ቀዩ መኪና ገና ይዞራል፣ ባዶውን፣ እያጓራ፣ እየቸኮለ።