ተራ ሰው

ድሬ ቀኑ ሲግል፣ አስፋልቱ ሲለሰልስ፣
ምድር ቤታችን ውስጥ አንድ ማሽን ሲተነፍስ፣
እኔ ነኝ ጠባቂው። ቁልፉ ከእኔ ጋር ነው።
ማን ቀድሞ እንዲያሰላ የምለየው እኔው።

ነስረዲን የድልድይ ጫናውን ያመጣል፣
ትርሲት የማሽላዋን ዘር ታስቆጥረዋለች ሌት ተቀን ያለ እንቅልፍ፣ ያለ ባህል፤
ሂቦ ደቻቱን፣ ያን ደረቅ አሸዋ፣
«ቢሞላ የት ይደርስ?» እያለች በጭንቋ
ወንዙን በቁጥር ሞልታ ታፈስሰዋለች፤
ላሥር ደቂቃ ሥራ ሦስት ቀን ትቆማለች።

መጀመሪያ አንዱ «አስቸኳይ» ብሎ ጻፈ።
አሳለፍኩት። ሌላው ሰማ። ወሬው አለፈ
ከስልክ ወደ ስልክ፤ በሳምንቱ ማብቂያ
አስቸኳይ ያልሆነ ሥራ የለም በዚያ።
ሁሉም ሲቸኩል ያው፣ ሰልፉ አልተነቃነቀ፤
ቃሉ ብቻ አለቀ።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ሰው ሲተኛ ሊልኩ
ሁሉም ነቅተው አደሩ፤ ሰልፉ ግን ያው፣ በልኩ።
«ትንሽ ሥራ ይቅደም» ብዬ ሕግ ባወጣ፣
ትርሲት አንዱን ሥራ አርባ ቦታ ቆርጣ፣
አርባ ትንንሽ አርጋ ላከችልኝ። ሳቅኩ።
ክፋት መስሎኝ ነበር፤ ኋላ ላይ ግን አወቅኩ፦
ማንም አልበደለ፣ ሁሉም ልክ ነው ለራሱ፤
ልክ ከልክ ሲደመር ነው የሰልፉ መርከሱ።

ይህን ዘዴ እኔ በልጅነቴ አይቻለሁ፣
ገንደ ቆሬ ቦኖ ከእናቴ ጋር ቆሜያለሁ።
ውኃ ባሥራ አምስት ቀን አንድ ጊዜ ሲመጣ፣
ማን ቆሞ ይጠብቃል በዚያ ፀሐይ ቁጣ?
ድንጋይ ነው የሚሰለፍ። ነጭ፣ የተሰነጠቀ፣
ጡብ፣ የጫማ ሶል፣ ባለቤቱን ያወቀ፤
የእኛ ጥቁር ነበር፣ ቀይ ቀለም ያረፈበት።

«አንድ ጆግ ላላት አሳልፉ» ይባል ነበር፤
ምን አለ አንድ ጆግ? ሰልፍ አይሰብር።
ከዚያ አንዷ መጣች፤ አሥር ልጅ፣ አሥር ጆግ።
በማግስቱ አሥር ጆግ ሆነ የሰፈሩ ወግ።

ቧንቧውን የያዘችው አዴ ዙበይዳ
መፋቂያዋን ሳታወጣ፣ ሳትቆጣ፣ ሳትጎዳ፣
«ቅደሚ፣ ማን ይዞሽ? ግን ያስቆምሻትን
ደጇ ታደርሺላታለሽ ተሸክመሽ ጀሪካኗን።»
በዚያው ቀን ጆጎቹ ተመልሰው ቤት ገቡ።
የቀረችው አንዲት፣ ልጇ የሚያተኩሰው፣
ቀዳች፤ ማታ ጀሪካን አዝላ ያያት ሰፈር ነው።

እኔም የዙበይዳን ሕግ ማሽኑ ላይ ጻፍኩበት፦
«አስቸኳይ ያለ ይቅደም፤ ሌላውን ላስጠበቀበት
ያንኑ ያህል ሰዓት ከድርሻው ይቀነስበት።»

ጠዋት ከፍቼ ባይ «አስቸኳይ» አንድ ብቻ ነበር፣
የሂቦ። ሰማዩ በደንገጎ በኩል ሲጠቁር
አሥር ደቂቃዋን ባሥራ ስምንት ሰው አባዝታ
ሦስት ሰዓት ከፍላለች፣ ከድርሻዋ አንሥታ።
ጎርፉ ያን ሌሊት አልመጣም። ደመናው አለፈ።
«በከንቱ ከፈልኩ» የሚል ቃል ግን ከአፏ አልተረፈ።

አንድ ነገር ደብቄያለሁ፤ አሁን ልናገር።
ከሰልፉ ውጪ የሚሮጥ አንድ ሥራ ነበር፣
ስሙ «ሙከራ»፣ ከግንቦት ጀምሮ የሚፈጭ፣
ወረፋ የማያውቅ፣ እንደ ጌታ ልጅ የሚያፏጭ።
የእኔ ነው።
ቁልፍ የያዘን ሰው ማን ይጠይቀዋል?
ዙበይዳስ መቼ ትቀዳ ነበር? ትዝ ይለኛል፦
ሰው ሁሉ ከሄደ፣ ቧንቧው ሲያንጠባጥብ ማታ፣
ግማሽ ጀሪካን ይዛ ትሄድ ነበር፣ በዝግታ።

«ሙከራ»ን አጠፋሁት። እንደገና ላክሁት፣
ከአሥራ ስምንቱ ኋላ ድንጋዬን አስቀመጥኩት።
አሁን ነስረዲን በበሩ ብቅ ብሎ፣
«ያንተስ መቼ ያልቃል፣ የክፍሉ ሹም?» ሲለኝ፣
«እንጃ» እለዋለሁ፤ «እኔም ተራ ሰው ነኝ።»