ሐሙስ ማታ በዛብዤ

ሰማዩ ዝቅ ይላል፣ ጥቅምት ላይ፣ በዛብዤ፤
እኔም እወጣለሁ መንፊያዬን ይዤ።
የከሰሉ ጢስ ከየጣራው ወርዶ
ይተኛል እንደ ከብት ከሐዲዱ ማዶ።
ሃያ ሁለት ዓመት ትራም ነድቻለሁ፤
የፍሬኑ ሲጥታ፣ የደረቴ ሲጥታ
አንድ የሆነበትን ሌሊት አውቃለሁ።

የሞትኩት በደግ እጅ ነው፤
ልሞት የነበረው፣ ማለቴ ነው።
ጥርሴን አሞኝ፣ ጉንጬ አብጦ፣ ጎረቤቴ ክሪስቲና
ነጭ ክኒን በመዳፏ፣ ውሃ በብርጭቆ ይዛ መጣችና
«ዋጥ አድርጊያት፣ ኡርሹላ፤
አስፒሪን ማንን በላ?»
ግማሽ ሰዓት አልሞላም።
አፍንጫዬ ፈሰሰ፣ ዓይኔ ደም መሰለ፣
ከዚያ የደረቴን በር አንድ ሰው ከውስጥ ቀረቀረ።
ክፍሉ ሙሉ አየር ነበር። ለእኔ አልነበረም።
ክሪስቲና ዛሬም ደረጃ ላይ ስታገኘኝ
ዓይኗን ትሰብራለች።
እኔ ይቅር ብያታለሁ፤
ሳንባዬን ግን ስለ ክኒኗ ማስታረቅ አልቻልኩም።

ሐኪሙ ወረቀት ላይ ሦስት ማዕዘን ሣለ፦
አንዱ ጫፍ አስም፣ አንዱ የአፍንጫ ሥጋ፣
አንዱ አስፒሪን ከነዘመዶቿ።
«አንቺ እዚህ ነሽ» አለኝ፣
መሃሉን በእስክሪብቶው ነካ አድርጎ።

ሽታ ከቤቴ ከወጣ ሰባት ዓመቱ።
ወተቱ መኮምጠጡን የሚነግረኝ ባሌ ነው፤
ጋዝ ማፍሰሱን፣ ግድግዳው ላይ ያለች ቀይ መብራት።
የልጅ ልጄን አናት እስማለሁ፤
ፀጉር ነው። ፀጉር ብቻ።

ሐሙስ ማታ ግን አሥራ ሁለት ደረጃ
ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት እወርዳለሁ።
ስምንት ወንበር፣ አንድ ማሞቂያ፤
ሽቶ የተቀባ አይገባም።
አሎይዚ አለ፣ ሠላሳ ዓመት ከሰል የቆፈረ፤
ክራኮቭ ሆስፒታል ተኝቶ ያችኑ ክኒን
ሐኪም አጠገቡ ቆሞ፣ በፍርፋሪ በፍርፋሪ፣
ሳንባውን ያላመደ።
ሽታ ተመለሰለት፣ ለአንድ ወር።
መጀመሪያ የሸተተው የገዛ ካልሲው ነበር።
«አለቀስኩ» ይላል፤ እኛ ከሳቅ ወደ ሳል፣
ከሳል ወደ ሳቅ፣ ሁሉም ኪሱን ይዳብሳል።

ቦጉሚዋ መድኃኒት ቤት ሠርታ ጡረታ የወጣች፣
መነጽር በመነጽር ላይ ደርባ
የሳጥኑን ጥቃቅን ጽሑፍ ታነብልናለች፦
«ይሄ የጉንፋን ነው ይላል፤ ውስጡ ያችው ናት፣
ስሟን ቀይራ።»
ሕጓ አንድ ነው፦
«ሌሊት ከፈራችሁ ደውሉልኝ።
ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃታችሁ ግን
ለእኔ አይደለም፤ ለአምቡላንስ።»
ለእሷ ሁለቴ ደውያለሁ። ለአምቡላንስ አንዴ።

ባለፈው ወር አንዲት ልጅ መጣች፤
በሩ አጠገብ፣ ኮቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች።
አልጠየቅናትም። ሦስት ሐሙስ አልተነፈሰችም፤
(እኛ ዘንድ ይሄ ቃል ቀልድ አይደለም)።
በአራተኛው፣ አሎይዚ ካልሲውን ደግሞ ሲጀምር፣
ከበሩ በኩል ድምፅ መጣ፦
«ኢዛቤላ እባላለሁ። እናቴ የነርቭ ነው ትላለች፤
እጮኛዬ፣ ሰው እንዲያይሽ ነው ይላል፤
እኔ ግን...»
ቆመች። ደረቷ ሲጥ አለ።
ቦጉሚዋ ስልኳን አነሳች፤ ማሞቂያው ቀጭ አለ፤
ሰባታችንም ትንፋሻችንን ይዘን ጠበቅን።
«...እኔ ግን፣ የዚያን ቀን፣ ክኒን ውጬ ነበር።»
አራት ነጥቧ ላይ ደረሰች።

ማንም አላጨበጨበም። ቦጉሚዋ ስልኩን መለሰች።
ስንወጣ አሎይዚ ስድስተኛው ደረጃ ላይ ቆመ፤
እንደ ወትሮው ሁላችንም ከኋላው ቆምን።
ላይ፣ በሩ ሥር፣ ጢሱ ተኝቶ ይጠብቃል።
«ስንት ቀረን?» አለች ኢዛቤላ፣ ኮቷን በእጇ ይዛ።
«ስድስት» አላት። «ማን አስቸኮለን?»